በሙዛፈርፑር ስለ ተዘጋው ቤት

«ባክሻክ» የተባለው በሕንዲ ቋንቋ የተሠራ የወንጀል ፊልም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. ታየ። የስሙ ትርጓሜ «በላዒ» ማለት ነው። ታሪኩም መጠጊያ ይሆናቸዋል በተባለ ቤት ውስጥ ተዘግተው ግፍ ስለሚፈጸምባቸው ልጃገረዶችና ይህንኑ ስለምትገልጥ አንዲት ጋዜጠኛ ነው።

ነገሩ እንዲያው ፈጠራ አይደለም። በቢሃር ክፍለ ሀገር በሙዛፈርፑር ከተማ እንዲህ ያለ ቤት ነበረ፤ የሚተዳደረውም በመንግሥት ገንዘብ ነበር። በዚያም ከ30 የሚበልጡ ልጃገረዶች ተደፍረዋል።

ፊልሙ አብዛኛውን ምስጋና ለጋዜጠኛዪቱ ሰጥቶ የመርማሪዎቹን ጽሑፍ ለነገሩ መነሻ ብቻ አድርጎ ያልፈዋል። ይህ ጋዜጠኞችን ደስ ያሰኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የዚያ የሙዛፈርፑር ቤት ጌታ ራሱ የጋዜጣ ባለቤት እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። በሩን ያስከፈተው ጽሕፈት ነው። የታታ የማኅበራዊ ሳይንስ ተቋም መርማሪዎች በክፍለ ሀገሩ መንግሥት ታዘው በየመጠጊያው ቤት እየዞሩ ተቀማጮቹን ጠየቁ፤ የሰሙትንም ሳያለዝቡ ጽፈው በ2018 ዓ.ም. ለመንግሥቱ አቀረቡ። ክስ ተከተለ፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2019 ዓ.ም. ነገሩን ከቢሃር አውጥቶ ወደ ዴልሂ አዛወረው። በ2020 ዓ.ም. 19 ሰዎች ጥፋተኞች ሆነው ተገኙ፤ የቤቱም ጌታ እስከ ዕለተ ሞቱ እንዲታሰር ተፈረደበት።

ከተፈረደባቸውም መካከል ሕፃናትን ይጠብቁ ዘንድ የተሾሙ ሰዎች ይገኛሉ። ፊልሙ ከጋዜጠኛዪቱ ይልቅ እነዚህን ሹማምንት አብዝቶ ቢያሳይ በተሻለ ነበር፤ ልጃገረዶቹ አቤት ሊሉላቸው የሚገባቸው እነርሱ ነበሩና።