ታብሌቱ አልበራ ሲል በቅድሚያ ምን እናድርግ?

 

እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተሰኘው ድርጅት በአገራችን ወንጪና ወለንጪቲ በተባሉ ሁለት ቦታዎች፣ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶችን በካርቶን እንደታሸጉ ሰጥቶ ነበር። ባትሪያቸውም የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ ከሕፃናቱ አንዱ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ፈልጎ አግኝቶ ታብሌቱን አበራው። ልጁ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቁልፍ አይቶ አያውቅም ነበር።

ይህን ያነሳነው የልጁን ብልህነት ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ታብሌት መግቢያው አንዲት በር ብቻ የሆነች ቤት መሆኗን ለማስታወስም ነው። ያቺ ከባቄላ ፍሬ የምታንስ ቁልፍ ስትበላሽ ከውስጥ ያለው ሁሉ ይቆለፍብናል። በሞት የተለዩን አያት ፎቶግራፍ፣ ዓረብ አገር ያለች እህት የላከችው ድምፅ፣ የልጆች የትምህርት ማስታወሻ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ብዙዎቻችን ታብሌቱ አልበራ ሲል ወዲያው ወደ ጥገና ቤት እንሮጣለን። እዚያም በአብዛኛው የሚሰጠን መልስ «ሶፍትዌሩ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። እሺ እንላለን፤ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ታብሌቱ ግን በማግሥቱ እንደገና አልበራ ይላል። ለምን ቢባል፣ ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የሶፍትዌሩ ሳይሆን የቁልፉ ነበርና። በመሆኑም በዛሬው ጽሑፋችን አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን፤ ይኸውም ምንም ነገር ከማጥፋታችን በፊት የታመመው ባትሪው ነው? ቁልፉ ነው? ወይስ ሶፍትዌሩ? ብለን መለየት እንዳለብን ነው።

አንደኛ፦ ባትሪው

ለሳምንታት ሳይነካ የተቀመጠ ታብሌት ባትሪው ጨርሶ ስለሚደርቅ ቻርጀር ሲሰካበት ወዲያው ምልክት ላያሳይ ይችላል። ይህን አይተን «ሞቷል» ብለን መፍረድ የለብንም። ከግድግዳ ሶኬት ላይ ሰክተን ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከተቻለም ሌሊቱን ሙሉ እንተወው። የቻርጀሩም ነገር ወሳኝ ነው። ብዙ ታብሌቶች 5 ቮልትና 2 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋሉ። የቆየ ኮምፒዩተር የዩኤስቢ ሶኬት ግን የሚሰጠው 0.5 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሆነ ለታብሌት እጅግ ያንሰዋል። ገመዱንም በሌላ መሣሪያ ላይ እንሞክረው፤ መሰኪያ ቀዳዳው ውስጥ አቧራና የልብስ ብናኝ እንዳለም በደረቅ የእንጨት ስንጥር ቀስ ብለን እንይ። የታብሌቱ ጀርባ ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ከተነሳ ግን ባትሪው አብጧል ማለት ነውና ቻርጅ ማድረጉን ወዲያው ማቆም፣ አለመጫንና አለመብሳት ያስፈልጋል፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና።

ሁለተኛ፦ ቁልፉ

ቁልፍ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው ተጭኖ መቅረት ነው። በአብዛኞቹ ታብሌቶች የማብሪያው ቁልፍ ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ሲያዝ መሣሪያው በግድ ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። የሳምሰንግ ታብሌቶች ደግሞ ቁልፉና የድምፅ መቀነሻው አብረው ከ7 ሴኮንድ በላይ ሲያዙ ይህንኑ ያደርጋሉ። ይህ የተሠራው ለተጠቃሚው ጥቅም ነው፤ የደረቀ ታብሌት የሚነሳው በዚሁ ነው። ነገር ግን ቁልፉ በቆሻሻ ወይም በመውደቅ ምክንያት ወደ ውስጥ ገብቶ ከቀረ፣ ታብሌቱ ሰው ሳያቋርጥ የያዘው ይመስለዋል። የፋብሪካውን ዓርማ ያሳያል፤ ይጠፋል፤ ዓርማውን ያሳያል፤ ይጠፋል። ከሶፍትዌር ብልሽት ጋር የሚምታታው ይህ ነው።

መለያው ምንድን ነው? ከመበላሸቱ በፊት ስክሪኑ በመሀል በራሱ ይጠፋ ከነበረ፣ ወይም «ይጥፋ? እንደገና ይነሳ?» የሚለው ምርጫ ማንም ሳይነካው ይመጣ ከነበረ ቁልፉን እንጠርጥር። መብራትና መጥፋቱ በእኩል ሴኮንዶች ልዩነት የሚደጋገም ከሆነም እንደዚሁ። በመጀመሪያ ከቨሩን እናውልቅ፤ ጠበብ ያለ ከቨር ብቻውን ቁልፉን ተጭኖ ሊይዝ ይችላል። ቀጥሎ ቁልፉን በጣታችን ደጋግመን ተጭነን እንልቀቀው። በዚህን ጊዜ የመብራት መጥፋቱ ሁኔታ ከተለወጠ በሽተኛው ተገኘ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ብልሽት ቁልፉ ቢጫኑትም አለመስማቱ ነው። ታብሌቱ ገና በርቶ ሳለ ይህ ከተከሰተ አናጥፋው፤ ባትሪውም ዜሮ እንዲደርስ አንፍቀድ። በዚያው ዕለት ፎቶውንና ሰነዱን ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ሌላ ማስቀመጫ እንገልብጥ። በሳምሰንግ «አሲስታንት ሜኑ»፣ በአይፓድ ደግሞ «አሲስቲቭ ተች» የተባሉት የቁልፉን ሥራ ስክሪኑ ላይ ያመጡልናል። የተኛ ስክሪን ቻርጀር ሲሰካበት በአብዛኛው ይበራል።

ጨርሶ ከጠፋስ? አይፓድ ቻርጀር ሲሰካበት በራሱ ይነሳል። የመሀል ቁልፍ የሌላቸው ብዙ የሳምሰንግ ታብሌቶች ደግሞ፣ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ይዘን ከኮምፒዩተር ጋር በገመድ ስናገናኛቸው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያሳያሉ። እዚያ ላይ የድምፅ መቀነሻውን ስንጫን ታብሌቱ ያንን ትቶ እንደወትሮው ይነሳል። መጨመሪያውን ግን አንንካ፤ እሱ ሶፍትዌር ወደሚጫንበት ክፍል ያስገባልና።

ሦስተኛ፦ ሶፍትዌሩ

ባትሪውም ቁልፉም ደህና ሆነው ታብሌቱ ዓርማው ላይ ተገትሮ ከቀረ፣ አሁን ሶፍትዌሩን ብንጠረጥር ያስኬዳል። ማስቀመጫው ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ወይም አዲስ ሶፍትዌር በመጫን ላይ እያለ ባትሪው ሲያልቅ ይህ ይደርሳል። በቅድሚያ ሚሞሪ ካርዱን አውጥተን፣ በግድ አጥፍተን እንደገና እንሞክር። ካልሆነ «ሪከቨሪ» ወደሚባለው የጥገና ዝርዝር ይገባል። እዚያ ሁለት የሚመሳሰሉ መስመሮች እናገኛለን። «ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን» የሚለው ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ ያጠፋል፤ ፎቶ አይነካም። «ዋይፕ ዳታ» የሚለው ግን ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። በብዙ ታብሌቶች በዚህ ዝርዝር ውስጥ «እሺ» ማለት የማብሪያውን ቁልፍ መጫን ነው። ስለዚህ ቁልፉ ተጭኖ የሚቀር ታብሌት እዚህ ክፍል ውስጥ ያልታዘዘውን ሊያጸድቅ ይችላልና፣ ቁልፉ ሳይጠገን መግባት አይበጅም።

ሁሉን ማጥፋት የመጨረሻው መፍትሔ የሚሆንበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው አንድሮይድ 6 ወዲህ አብዛኞቹ አዳዲስ መሣሪያዎች በውስጣቸው ያለውን በምሥጢር ቁልፍ ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት። ዳታው ሲጠፋ ያ ምሥጢራዊ ቁልፍም አብሮ ስለሚጠፋ፣ የትኛውም ባለሙያ ፎቶውን ሊመልሰው አይችልም። በዚያው ዓመት ከወጣው አንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ደግሞ በዚህ መንገድ የተደመሰሰ ታብሌት ሲነሳ ቀድሞ የነበረበትን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ከጂዳ ወይም ከዱባይ ዘመድ ተጠቅሞበት የላከው ታብሌት ከሆነ የላኪውን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ሳንይዝ ማስደምሰስ፣ ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን ባሕር ማዶ እንደመተው ነው።

ወደ ጥገና ቤት ስንሄድ

ባለሙያውን «ታብሌቱ አልበራ አለ» ብለን ብቻ አንስጠው። ምን እንዳየን ዘርዝረን እንንገረው፤ «በውስጡ የምንፈልገው ፋይል አለ፤ ሳታስፈቅደን እንዳታጠፋ» ብለንም አስቀድመን እንስማማ። ቁልፉ በብዙ ታብሌቶች ስስ ተጣጣፊ ገመድ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ክፍል ነው፤ ተከፍቶ ይጸዳል፣ አለዚያም ይቀየራል። ለዚህ ሥራ የታብሌቱ የይለፍ ቃል አያስፈልግም። የቤታችን ፎቶ ገመናችን ነውና፣ ቃሉን ከመስጠት ይልቅ ሥራው ሲያልቅ እዚያው ሆነን በእጃችን ብንከፍተው ይመረጣል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ስታነቡ የቤታችሁ ታብሌት በርቶ ይሆናል። እንግዲያውስ እስከ ነገ አትቆዩ፤ ያሳዝነናል የምትሉትን ፎቶና ድምፅ ዛሬ ማታ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ቁልፍ ይቀየራል፣ ባትሪ ይገዛል፤ የአያት ድምፅ ግን ገበያ ላይ አይገኝም።