ጭላዳን በዳቦ ሳይሆን በትዕግሥት ፎቶ እናንሳ

ከ8ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

ዛሬ ሐሳቤን የምሰጠው ስለ ጭላዳ ፎቶ ነው። ሐሳቤ አጭር ነው፦ ፎቶ ለማንሳት ብለን ለጭላዳ ዳቦና ብስኩት መወርወር ማቆም አለብን። ይህን የምለው ፎቶ ስለማልወድ አይደለም። እንዲያውም በጣም ነው የምወደው።

ሁላችንም እንደምናውቀው ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር በሚወስደው መንገድ ላይ የእንግዳ መኪና ሲቆም ልጆች ይሰበሰባሉ። የሱፍ ቆብና ስፌት የሚሸጡ አሉ። ዳቦ እየወረወሩ የጭላዳውን መንጋ ወደ መንገድ የሚያመጡም አሉ። እንግዳው ቀረብ ብሎ ፎቶ ያነሳና 10 ወይም 20 ብር ይሰጣቸዋል። ከእኛም መካከል በሞባይል ሰልፊ ለመነሳት ብለው እንዲሁ የሚያደርጉ አሉ።

ታዲያ ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ የጭላዳ ምግብ በአብዛኛው ሣር ነው። ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየነጨ ሲበላ ይውላል። ዳቦ ምግቡ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሰው እጅ የለመደ እንስሳ ሰው ባየ ቁጥር ምግብ ይጠብቃል፤ ካላገኘ ቦርሳ ይቀማል፣ ሊነክስም ይችላል። ከእኛ ወደ እሱ፣ ከእሱም ወደ እኛ በሽታ ሊተላለፍ ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ የራሳችን ቤት ጉዳይ ነው። ሰው የማይፈራ ጭላዳ ገብስ ማሳ ውስጥ ለመግባትም አይፈራም። ማሳ ሲጠብቅ የሚውለው ማን ነው? አባቶቻችንና ታናናሽ ወንድሞቻችን አይደሉም እንዴ? ዛሬ መንገድ ላይ የወረወርናት ቁራሽ ነገ ወንጭፍ ታስይዘናለች።

ሌላም ነገር አለ። ብዙ ሰው «ጭላዳው ሳቀልኝ» እያለ ፎቶውን ያሳያል። ወንዱ ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ ግን እየሳቀ አይደለም። «ራቅ በል» ማለቱ ነው። እሱ እየተቆጣ እኛ የሳቀ ይመስለናል ማለት ነው!

«ሳይቀርብልን እንዴት ጥሩ ፎቶ ይወጣል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እስኪ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ለንደን የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ15 እስከ 17 ዓመት ካሉ ወጣቶች ያሸነፈው ፎቶ የት የተነሳ ይመስላችኋል? እዚሁ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ! ያነሳው ጣሊያናዊ ልጅ ነው። ጭላዳዎች ሌሊት ገደል ላይ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው እንደሚወጡ ታውቃላችሁ። ልጁ ከአባቱና ከጓደኛው ጋር ሳይነጋ ሄዶ አፋፉ ላይ ጠበቀ። አንዲት እናት ጭላዳ ልጇን ሆዷ ላይ ይዛ ብቅ ስትል አነሳት። ያሸነፈው በመጠበቅ ነው።

ይኸው ውድድር እ.ኤ.አ. በ2009 አንደኛ የወጣን የተኩላ ፎቶ በኋላ ከሽልማት ሰርዞታል። ፎቶ አንሺው ቢከራከርም ዳኞቹ ተኩላው የዱር ሳይሆን ሰው ያለማመደው ሳይሆን አይቀርም ብለው ነው። ስለዚህ በትልቅ ውድድርም ቢሆን እንስሳውን አለማምዶ ማንሳት አያስከብርም።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ይህ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። መንጋው ጠዋት በየት በኩል እንደሚወጣ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ልጅ የለም። ሆኖም ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ጠብቆ ሲያነሳ እኛ ዳቦ ወርዋሪ ሆነን መቅረት የለብንም።

ብር የሚቀበሉትን ልጆች አልወቅስም። በዚያ ብር ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛ እንዳለ አውቃለሁ። ግን እንግዳው የሚመጣው የዱር እንስሳ ለማየት ነው። ጭላዳው እንደ ቤት ውሻ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሲለምን ካገኘው ለምን ይመጣል? ያኔ ቆብና ስፌቱንም የሚገዛ አይኖርም። ፓርካችን እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተራ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። 21 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። የተበላሸን ነገር ማስተካከል ይህን ያህል ጊዜ ይወስዳል።

ስለዚህ ለክበባችንና ለተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚቀጥለው ጉዟችን ምግባችን ከቦርሳ አይውጣ። መንጋውን ስናገኝ ራቅ ብለን ቁጭ እንበል እንጂ አንከተለው፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ገደል ይሮጣሉና። ሞባይል እያየን ወደ ኋላ አንራመድ፤ ገደሉ ለእኛም ገደል ነው። መምህሮቻችን ደግሞ ሞባይላቸውን በየተራ ቢያውሱን ጥሩ ነው። የወጡትን ፎቶዎች አሳትመን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንለጥፍ። ከሥራቸውም «ዳቦ ሳይወረወር የተነሳ» ብለን እንጻፍ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኛ ግን ቁጭ ብለን እንጠብቅ፤ ጭላዳው ራሱ ይመጣል። በሐሳቤ የማይስማማ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።