«ኬዝህ የት ደረሰ?»

ዛሬ እዚህ ወድ ኤል ሒለው ከአፋችን ስለማትጠፋ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ትንሽ ብንነጋገርስ ብለናል። ቃሏ «ኬዝ» ናት። ውሃ ስንቀዳ፣ ቡና ስንጠጣ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳይቀር «ኬዝህ የት ደረሰ?» እንባባላለን። እንግሊዝኛ ያልተማሩ እናቶቻችንም ያውቋታል። ግን ምን ማለት ናት? እኛ አስተማሪ የምንባለውም ብንሆን ቆም ብለን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

እንድንጠይቅ ያደረገን የአንዲት ጎረቤታችን ነገር ነው። የአራት ልጆች እናት ናቸው። ወደ አንድ ቢሮ ተጠርተው ሄደው «ኬዝዎ ክሎዝድ ሆኗል» ተባሉ። አስተርጓሚው ሌላ ቃል አልጨመረላቸውም። እሳቸውም ስደተኝነታቸው የተሰረዘ መስሏቸው የወሩን ራሽን ሳይወስዱ ቀሩ። አልጋቸውን ሸጡ። ልጆቹን ይዘው በሊቢያ በኩል ሊነሱ ሲሉ ወረቀቱን ይዘው እኛ ዘንድ መጡ። «ቲቸር ልጄ፣ ክሎዝድ ማለት አባረሩን ማለት ነው?» አሉን። ስናነበው የተዘጋው ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ጥያቄያቸው ብቻ ነው። ስደተኝነታቸው እንዳለ ነው፤ ካርዳቸውም ይሠራል። አንዲት ቃል አምስት ነፍስ በረሃ ልትከት ነበር ማለት ነው።

እንግሊዞቹ «ኬስ» ይሏታል፣ እኛ «ኬዝ» አደረግናት። ስትጻፍ አንድ ትምሰል እንጂ ሁለት ቃል ናት። አንደኛዋ «ወደቀ» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣች ናት፤ በሰው ላይ የወደቀ፣ የደረሰ ነገር ማለት ነው። እኛ «ዱብ ዕዳ» እንደምንለው ዓይነት፣ ግን ለክፉም ለደግም። ሐኪሙ ስለ በሽተኛው፣ ፍርድ ቤቱ ስለ ክርክሩ ሲናገሩ ይቺን ነው የሚሉት። «ኢን ኬዝ» ሲባልም «ምናልባት ቢደርስ» ማለት ነው።

ሁለተኛዋ «ያዘ» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣች ሆና ማስቀመጫ፣ ሣጥን ማለት ናት። «ሱትኬዝ» የምንለው ሻንጣ ከዚህ ነው። ለተማሪዎቻችን ካፒታልና ስሞል ብለን የምናስተምራቸው ፊደሎችም «አፐር ኬዝ» እና «ሎወር ኬዝ» የተባሉት የድሮ አታሚዎች የብረት ፊደሎቻቸውን በላይኛውና በታችኛው ሣጥን ለይተው ያስቀምጡ ስለነበር ነው። ሱዳኖች ግን አያደባልቁትም። የፍርድ ቤቱን «ቀዲያ»፣ የበሽተኛውን «ሃላ»፣ ዕቃ መያዣውን «ሸንጣ» ይሉታል። የእኛም አማርኛ «ጉዳይ» እና «ሣጥን» ብሎ ለይቶታል።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ለእኛ ምን ይፈይዳል? ይፈይዳል እንጂ! ቢሮ ያለው ኬዛችን ሣጥኑ ነው፤ ፋይሉ፣ ቁጥሩ። በእኛ ላይ የደረሰው ግን ሌላው ኬዝ ነው፤ ጦርነቱ፣ ሽሽቱ፣ ሰቲትን መሻገሩ። ሕጉም የሚያየው ይህንኑ ነው። በ1951 የወጣው የዓለም የስደተኞች ስምምነት፣ በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነትም፣ ሰውን ስደተኛ የሚሉት በደረሰበት ወይም ይደርስብኛል ብሎ በሚፈራው ነገር ነው። ዩኤንኤችሲአር በ1979 ያወጣው መመሪያም መዝጋቢው ሰውን ስደተኛ አያደርገውም፣ ስደተኛ መሆኑን ያረጋግጥለታል እንጂ፣ በሚል መንፈስ ተጽፏል። ስለዚህ አንዱ ሣጥን ስለተዘጋ የደረሰብን ነገር አልደረሰም አይባልም።

ሌላም የሚያሳስት አለ። በሦስተኛ አገር ሰፈራ ሥራ አንድ ኬዝ አንድ ሰው ማለት አይደለም። ዋናው አመልካች ከነቤተሰቡ በአንድ ኬዝ ይቆጠራል። «አሥር ኬዝ ወጣ» ሲባል አሥር ሰው ብቻ መስሎን ስንቀያየም ከርመናል፤ ሃምሳ ነፍስም ሊሆን ይችላል። ልጅ ሲወለድ፣ ጋብቻ ሲፈጸም፣ ሰው ሲሞት ቶሎ ማስመዝገብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። «ፔንዲንግ» ማለት ገና አልተወሰነም፣ «ኦን ሆልድ» ማለት ለጊዜው ቆሟል ማለት ነው። ሁለቱም እምቢ ማለት አይደሉም። ዩኤንኤችሲአር ደግሞ ለአገልግሎቱ ገንዘብ አያስከፍልም። «ኬዝህን ላስነሳልህ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው።

ቢሮዎቹ በቁጥር የሚሠሩት ወደው አይደለም የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። የሺህ ሰው ስምና ታሪክ ያለ ቁጥር አይያዝም። የእኛ ቅሬታ ራሳችን ላይ ነው። እኛው እርስ በርሳችን በኬዝ መመዛዘን ጀምረናል። ኬዝ ላለው ብድር እንሰጣለን፣ ልጅ እንድራለን፤ ለሌለው ፊታችንን እናዞራለን። ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን ተማሪዎቻችን ናቸው። «ቲቸር፣ ኬዝ አለኝ፣ እዚህ ተምሬ ምን ላደርግ?» ብለው ደብተራቸውን ይጥላሉ። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የስደተኛ መቀበያ ፕሮግራሙን ሲያቆም ስንት ዓመት የተጠበቀ ኬዝ ባለበት ቀረ። በዚያ ሁሉ ዓመት የተማረ ልጅ ትምህርቱ በእጁ ነው፤ ማንም ክሎዝድ አይለውም።

አስተርጓሚ ወንድሞችና እህቶች፣ አደራችሁን፣ «ተዘጋ» ብላችሁ አትተዉ፤ ምኑ እንደተዘጋና ምኑ እንዳልተዘጋ ጨምራችሁ ንገሩ። እኛም በበኩላችን ወረቀት ይዞ የመጣን ሰው ያለምንም ክፍያ እናነብለታለን። እናንተ ደግሞ «ኬዝህ ተዘጋ» ስትባሉ «የትኛው? ለምን? ይግባኝ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን። ጎረቤታችን ጠይቀው ቀርተዋል፤ አልጋ ባይኖራቸውም ልጆቻቸው ዛሬ ክፍል ውስጥ ናቸው።