እኛ ስንሮጥ በጀቱ የት ቆሟል?

ለበጎ አድራጎት የሚሮጥ ማራቶን ጠላት አይደለሁም፤ እንዲያውም ጸጥታው በፈቀደልን ጊዜ ሁሉ ከባልደረቦቼ ጋር ማልደን ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን አቀበት እንለማመድበታለን። (ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።) ጠቤ ሩጫውን መሸሸጊያ ካደረጉት ሰዎች ጋር ነው።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር 10 ሺህ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ከተሜው እየሮጠ ለተቸገረ ወገን ገንዘብ ማሰባሰብን ለምዷል። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ባለሥልጣኑ መነሻው መስመር ላይ ቆሞ ባንዲራ ሲያውለበልብ፣ ስሙ በካናቴራችን ላይ የታተመው ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ የማን ኃላፊነት እንደሆነ ማን ይጠይቀዋል? እርሱ እኮ ለጋሽ አይደለም፤ ባለዕዳ ነው!

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ተስተጓጉሎ የሰሜን ጎንደሮቹን ጃናሞራንና በየዳን ድርቅ ሲመታቸው፣ ለዚያ ደገኛ ገበሬ ያስፈልገው የነበረው የእሑድ ሩጫ ሳይሆን እህሉን ከመጋዘን አውጥቶ በጊዜው ተራራ የሚያወጣ መንግሥት ነበር። ረሃብተኛ የውድድር ቀን እስኪደርስ አይቆይም።

የልምምድ ጓዶቼን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ ከመመዝገባችን በፊት፣ ገንዘብ ለምናሰባስብለት ተቋም ስንት በጀት እንደተመደበለት፣ ስንቱስ እንደደረሰው ወረዳውን በጽሑፍ እንጠይቅ። መልስ ከተነፈግን ያንኑ ጥያቄ ካናቴራችን ላይ አትመን እንሩጥ።