ቅጠሉ ምን ጨመረ?

ቅጠል ይታጠባል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፤ ውኃው ላይ ሲልቨር ናይትሬት የተባለ የብር ውህድ ይጨመራል፤ ፈዛዛው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ይለወጣል። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ለብር አዮኖች ኤሌክትሮን ስለሚሰጡ ብሩ ተሰባስቦ ከ100 ናኖሜትር ያነሱ ቅንጣቶች ይሆናል፤ ሌሎች የተክሉ ንጥረ ነገሮችም ቅንጣቶቹን ሸፍነው እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይከላከላሉ። የሕንድ ተመራማሪዎች በ2004 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዘዴውን በኒም ቅጠል ካሳዩ ወዲህ ሽፈራው፣ እሬት፣ ሻይ ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት ሁሉ ተራ ደርሷቸዋል። መደምደሚያው ግን እምብዛም አይለያይም፦ ቅንጣቱ ተሠራ፣ ጀርም ገደለ፣ ተስፋ ሰጪ ነው። እኔ ግን ይህ ዘርፍ ተክል መቀያየሩን ትቶ ጥያቄውን መቀየር ነበረበት፣ ያውም ገና ድሮ፣ ባይ ነኝ።

ብር ጀርም መግደሉ የቆየ ዕውቀት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ክሬዴ በ1880ዎቹ መባቻ በአራስ ሕፃናት ዓይን ሲልቨር ናይትሬት እየጨመረ ብዙዎችን ከዓይነ ስውርነት ታድጓል፤ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የተባለው ቅባትም ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንስቶ ለቃጠሎ ቁስል ሲያገለግል ኖሯል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ብሩ መግደሉ ሳይሆን ቅጠሉ የጨመረው ነው። የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሳዩት፣ ኦክስጅን በሌለበት፣ ማለትም ቅንጣቱ አዮን መልቀቅ በማይችልበት ሁኔታ፣ ባክቴሪያው አልሞተም። ገዳዩ አዮኑ ከሆነ ደግሞ ቅንጣቱ ከሁሉ በፊት መወዳደር ያለበት በእኩል የብር መጠን ከተራው ሲልቨር ናይትሬት ጋር ነው። ይህ ንጽጽር ከጎደለ ጀርም በተዘራበት ሳህን ላይ የሚታየው ጥርት ያለ ክብ ብዙ አይነግረንም፤ የክቡን ስፋት ንጥረ ነገሩ የተሰራጨበት ፍጥነትም ይወስነዋልና። ቁስል ደግሞ ሳህን አይደለም፤ በውስጡ ያለው ጨውና ፕሮቲን ብሩን ይዞ ያስቀረዋል።

ውድ መሣሪያ የሌለው ላቦራቶሪ ታዲያ ተማሪዎቹን ምን ያሠራ? ሊባል ይችላል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ነገር ግን ያልኩት ንጽጽር የሚጠይቀው ጥቂት ተጨማሪ ሳህን ነው። የሚከብደው በክረምትና በበጋ የተቀጠፈው ቅጠል አንድ ዓይነት ቅንጣት እንዲሰጥ ማድረጉ ነው። በአንድ ተክል ላይ እንዲህ ለመጽናት አብነት አለን፦ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ካስተዋሉ በኋላ ሌላ ተክል ፍለጋ አልዞሩም። ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው ከእንዶድ ዝርያዎች መካከል የተሻለውን፣ ዝርያ 44ን፣ ይዘው ቀጠሉ፤ የመርዛማነት ምርመራው ጥያቄ ዓመታት ቢፈጅም አልተዉትም። ሁለቱ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሰጣቸው በዚህ ጽናት ጭምር ይመስለኛል።

ሌላው ተቃውሞ የጊዜ ነው፦ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 ብቻ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው ገድለዋል፤ እንዲህ ባለ አደጋ መሐል ለማጣራት ጊዜ የለም ይባላል። ችግሩ ብርንም ጀርም ይላመደዋል። በ1975 ቦስተን ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ብርን የሚቋቋም ሳልሞኔላ ተገኝቷል። ከተክል መገኘቱ ደህና ያደርገዋል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ሽፋኑ ቅጠል ቢሆንም ውስጡ ብር ነው፤ ብር አዘውትሮ የጠጣ ሰው ቆዳው ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በ2018 የቼክ ተመራማሪዎች ደግሞ ኢ. ኮላይ ለናኖ ብር ደጋግሞ ሲጋለጥ ፍላጀሊን የተባለ ፕሮቲን እያመነጨ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ እንደሚያጣብቃቸውና ኃይል እንደሚያሳጣቸው አሳዩ። ይህን ፕሮቲን የሚገታ ነገር ሲፈልጉ ያገኙት የሮማን ልጣጭ ጭማቂ ነበር፤ እሱ ሲጨመር ብሩ እንደገና መግደል ጀመረ። ተክሉ እዚህ የገባው ቅንጣት ለመሥራት ሳይሆን የባክቴሪያውን መከላከያ ለመስበር ነው። ቅጠሉ ምን ጨመረ ለሚለው ጥያቄ ካየኋቸው መልሶች ይበልጥ ያሳመነኝ ይህ ነው፤ ያገኙትም ብሩ የከሸፈበትን ቦታ ፈልገው ያዩ ሰዎች ናቸው።