አይሮፕላን በመጽሐፍ ይነዳልን?

ሰው የማያውቀውን ሙያ ለመልመድ ሲነሣ ሁለት መንገዶች ይቀርቡለታል። አንደኛው አንብቦ ማወቅ፥ ሁለተኛው እየነካኩ መልመድ ነው። በዛሬው እሑድ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ይህንኑ የሚመለከት ሲሆን፥ ለጊዜው የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም በኮምፒዩተር ላይ አይሮፕላን የማብረር ልምምድ ነው። በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ይህ ልምምድ የማረካቸው ወጣቶች አሉ። የሚበዙት ጨዋታውን የሚያውቁት ቁልፍ በመነካካት ብቻ ነው። ጥቂቶቹ ግን እውነተኞቹ አብራሪዎች የሚማሩባቸውን መጻሕፍት እያነበቡ ይለማመዳሉ። እኔም የእነዚህን የጥቂቶቹን ወገን ደግፌ ለመናገር እወዳለሁ።

ነገሩን የሚነቅፉ ሰዎች የሚሉት አይታጣም። «አይሮፕላን ለማይነዳ ሰው የአይሮፕላን ነጂ መጽሐፍ ምን ይረባዋል? ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው» ይላሉ። ነቀፋው እውነት የሌለበት አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ማስመሰያው ከምን እንደ ተነሣ ማስታወስ ይጠቅማል።

ኤድዊን ሊንክ የተባለው አሜሪካዊ አባቱ ኦርጋንና ፒያኖ የሚሠራበት ፋብሪካ ነበረው። ልጁ ማብረር ለመማር ቢፈልግ ክፍያው ከበደው። ስለዚህ በ1929 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኦርጋኑን ወናፍ ወስዶ፥ መሬት ላይ ተቀምጣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምትጋደል ትንሽ አይሮፕላን መሰል ሣጥን ሠራ። ለጋፋት ቀጥቃጮች አገር ሰው ወናፍ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በመጀመሪያ የሊንክን ሣጥን የወደደው የመዝናኛ ስፍራ ነበር። በ1934 ግን የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ፖስታ ሲያመላልሱ በደመናና በጨለማ እየተሳሳቱ ብዙዎቹ ስለ ሞቱ፥ ጦሩ 6 ሣጥኖች ገዛ። እንግዲህ ዛሬ በየአየር መንገዱ የሚገኘው ታላቅ ማስመሰያ ከዚያች መጫወቻ የተወለደ ነው። በጨዋታና በትምህርት መካከል ያለው ልዩነት ዕቃው ሳይሆን አጠቃቀሙ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ አገራችን ደጋ እንመለስ። አንድ ወጣት በኮምፒዩተሩ ሴስና 172 የተባለውን ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን መርጦ ከደብረ ታቦር ሜዳ ሊነሣ ፈለገ እንበል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለ ሆነም ሞተሩ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል፤ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ይሳሳበታል። ቀኑ 20 ዲግሪ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ አይሮፕላኑ 3500 ሜትር ገደማ የወጣ ያህል ይደክማል። ሳያነብ የሚጫወተው ልጅ አይሮፕላኑ አልነሣ ሲለው ኮምፒዩተሩን ይረግማል። ያነበበው ግን ከመነሣቱ በፊት ነዳጁን ከአየሩ ጋር የሚያመጣጥነውን ቀይ እጀታ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ነዳጁን መቀነስ እንዳለበት ያውቃል፤ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁም ካልሳሳ ሞተሩ ይታፈናልና።

በማረፍም ጊዜ እንዲሁ ነው። የፍጥነት ጠቋሚው 65 ኖት ሲያሳይ፥ ነፋስ ባይኖር እንኳ አይሮፕላኑ በደብረ ታቦር ምድር ላይ የሚገሠግሠው ከ74 ኖት በላይ ነው፤ የሚያስፈልገው ሜዳም በዚያው መጠን ይረዝማል። ጠቋሚው ግን ይህን አይናገርም። የሚናገረው መጽሐፉ ነው።

የጉና ተራራ ደግሞ ከ4100 ሜትር በላይ ነው። የአዲሱ ዓይነት ሴስና 172 የመጨረሻ የሥራ ከፍታ 14000 ጫማ፥ ማለት 4267 ሜትር ገደማ እንደ ሆነ መመሪያው ይገልጻል። እዚያ ሲደርስ በደቂቃ 100 ጫማ እንኳ ለመውጣት ይጨነቃል። በሸንተረሩ ላይ የሚወርድ ነፋስ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ቁልቁል ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ጉናን በዚህ አይሮፕላን በቀጥታ እሻገራለሁ ማለት ድፍረት እንጂ ብልሃት አይደለም። ወጣቱ ከመስኮቱ የሚያየው ተራራ ቁጥር ሆኖ፥ ቁጥሩም ፍርድ ሆኖ የሚመጣለት ካነበበ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የእጅ ልማድ ነው። አይሮፕላኑ ዝቅ ዝቅ ሲል ያልተማረ ሰው መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። ክንፉ ነፋሱን ከልክ ባለፈ ማዕዘን ሲቀበል ግን መሸከሙን ይተዋል፤ አይሮፕላኑም ይወድቃል። መድኃኒቱ የአፍንጫውን አቅጣጫ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ይህም የሰው ፍጥረታዊ ስሜት የሚሸሸው ነገር ነው። ቮልፍጋንግ ላንገቪሸ በ1944 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው የማብረር መጽሐፍ አጥብቆ ያስረዳው ይህንኑ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም አብራሪዎች የሚማሩባቸውን ዋና ዋና መጻሕፍት ማንም ሰው ያለ ዋጋ እንዲያነባቸው አውጥቷቸዋል። እንግዲህ የሚጎድለው ገንዘቡ ሳይሆን የማንበቡ ትዕግሥት ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ብቻውን ይበቃል ማለቴ እንዳይመስል። የዚህ አገር ሰው ጉዳዩን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የተማረ፥ በዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ሰው፥ መጽሐፉን ይዞ በመቀመጥ ብቻ መሪጌታ አይባልም። ድጓው ምልክቱን ያሳየዋል፤ ጉሮሮው ይለማመደዋል፤ የኔታ ደግሞ ሰምተው «መልሰህ በል» ይሉታል። በማብረርም መጽሐፉ ድጓው ነው፤ ማስመሰያው ልምምዱ ነው፤ የሚያርመው መምህር ግን በደብረ ታቦር እስካሁን አልተገኘም። የነቃፊዎቹ ቃል እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት እየተማሩ፥ የአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ገጥመው ኬ-570ኤ ያሏትን ትንሽ አይሮፕላን በገዛ እጃቸው ሠርተው ነበር። በ2007 ዓ.ም. ለማብረር ሲሞክሩ ግን ሳትነሣ ቀረች። ትጋታቸው ዓለምን አስደንቋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው አብሮት የሚቆም መካሪ ባለሙያ ቢያገኝ ኖሮ ምን ያህል በራቀ ነበር ብሎ የማያስብ ማን ነው?

መጽሐፍና ማስመሰያም ቢሆኑ የሚታመኑት እውነቱን እስከ ያዙ ድረስ ነው። ቦይንግ 737 ማክስ ላይ የተገጠመው ኤምካስ የተባለው መሣሪያ፥ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው አይሮፕላን እስኪወድቅ ድረስ በአብራሪዎቹ የበረራ መጽሐፍ አልተገለጸም ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኛው አይሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያም በኋላ ኩባንያው የማስመሰያው ፕሮግራም አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል እንደማያሳይ አምኖ አረመው። አንድ ገጽ መጉደሉ የሰው ነፍስ የሚያስከፍልበት ሙያ ከሆነ፥ ገጹን ማንበብ እንዴት ቀልድ ይሆናል?

«ታዲያ ሁሉም አብራሪ ሊሆን ነውን?» የሚል ቢኖር መልሴ አይደለም ነው። ከመቶ አንዱም ላይሆን ይችላል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ አንዘንጋ። ፊዚክስ ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ሲሆን ይሰለቻል። የአየር ግፊት፥ የኃይል ሚዛንና ማዕዘን ጉናን ለመሻገር የሚያስፈልጉ ሲሆኑ ግን ተማሪው ሌሊቱን ሳይተኛ ያነባቸዋል። እንግሊዝኛውንም ሳይወድ በግድ ያሻሽላል። በሰማይ ያለችው ላም ወተቷ ይኸው ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በ1957 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ አዛዥ አብራሪ ለመሆን የበቁት፥ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ተምረው፥ ከባዕድ አብራሪ ጎን ተቀምጠው ነው። ያን ጊዜ መጽሐፉም መምህሩም ከሩቅ ይመጡ ነበር። ዛሬ መጽሐፉ በየኪሳችን ገብቷል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እነዚህን መጻሕፍት አትመው በቤተ መጻሕፍታቸው ያኑሩ፤ ጥቂት ኮምፒዩተሮችም መድበው በነፃ ከሚገኙት ማስመሰያዎች አንዱን፥ ለምሳሌ ፍላይትጊርን፥ ይጫኑባቸው። ሁለተኛ፥ የፊዚክስ መምህራን ዋና ዋናዎቹን ምዕራፎች በአማርኛ ያስረዱ፤ የሙያው ቃላትም በቋንቋችን መለመድ ይጀምሩ። ሦስተኛና ዋናው፥ በአየር መንገድና በአየር ኃይል የሚያገለግሉ የአገሩ ልጆች ለበዓል ሲመጡ አንድ ከሰዓት በኋላ ለእነዚህ ወጣቶች ይስጡ፤ እንደ የኔታም አጠገባቸው ቆመው «መልሰህ በል» ይበሏቸው።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር፤ የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ለሦስተኛው ሐሳቤ ከዚህ የተሻለ ቀን አላገኘሁለትም። ለመጪው ቡሄ ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣ አብራሪ ቢኖር፥ ሙልሙሉን ከመቅመሱ በፊት ወጣቶቹን ይጠይቅልን።