የሕፃኑን እጅ ለቀቅ፣ የራሳችንን ሰብሰብ

ማንኪያ አልቀበልም ያለ ሕፃን በእኛ ቤት ጉድ ተብሎ ሲወራበት ይገርመኛል። ዕድሜ ልካችንን በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን። እንጀራ ቆርሶ፣ ወጥ ጠቅልሎ፣ መዳፍን ሳያቆሽሹ መጉረስ የጨዋ አስተዳደግ ምልክት ነው እንላለን። የዓመት ልጅ እጁን ወደ ትሪው ሲሰድ ግን "ኧረ እጁን ያዙልኝ!" ይባላል። አንዱ እጁን ይይዛል፣ አንዷ ስልክ ላይ ካርቱን ትከፍትለታለች፣ ሦስተኛዋ ማንኪያውን አውሮፕላን አድርጋ አናቱ ላይ ታዞራለች። ልጁ ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ድሮም ማንኪያው አልነበረም እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ አጥሚቱ በመዳፍ ይጋት ነበር፣ አንዳንዴም አፍንጫ ተይዞ።

እኔ ከልጁ ወገን ነኝ። ስድስት ወር ገደማ ላይ ልጅ ይቀመጣል፣ ያየውን ጨብጦ ወደ አፉ ይወስዳል። ዘጠኝ አሥር ወር ሲሆነው ፍርፋሪውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይለቅማል። ማንኪያውን የሚገፋው አብዛኛውን ጊዜ ምግቡን ጠልቶ ሳይሆን ሥራውን ስለቀማነው ነው። እንግሊዛዊቷ ጂል ራፕሊ እ.ኤ.አ. በ2008 መጽሐፍ አሳትማበት በምዕራቡ ዓለም ልጅን በገዛ እጁ እንዲበላ መተው ትልቅ ግኝት መስሎ ተወራ። እኛ ዘንድ ዜና ሊሆን ባልተገባ ነበር። ክብደት አልጨምር ያለ ወይም ሲውጥ የሚቸገር ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ሐኪም ይየው።

ነገሩ የሚከብደው ልጁ የምግብ አለርጂ ሲኖርበት ነው። የእህቴ ልጅ እንቁላልና ወተት አይሆኑላትም። አይሆኑላትም ስል ሆዷን ይነፋታል ማለቴ አይደለም፣ ያ ሌላ ነው። እንቁላል ያለበት ነገር ከቀመሰች ወዲያው አፏ ዙሪያ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈሯ ያብጣል። በዚያ ላይ ማንኪያ ስታይ ቤቱን በእሪታ ታናጋዋለች። እናቷ ሁለቱንም እንደ መዓት ትቆጥራቸው ነበር። ለእኔ ግን ማንኪያ እምቢ ማለቷ ለአለርጂው የመጣ እርዳታ ነው።

ለምን ቢሉ፣ በማንኪያ የሚሰጠው የልጅ ምግብ አብዛኛው ድብልቅ ነው። የምጥን ዱቄቱን ተመልከቱ። ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር አለበት፤ አንዷ ለውዝ ትጨምርበታለች፣ ሌላዋ የወተት ዱቄት። የእህሉ ዓይነት በበዛ ቁጥር ኩራቱም ይበዛል። ልጅቷ ሽፍታ ሲወጣባት ታዲያ ከዚህ ሁሉ የትኛው ይከሰስ? በእጅ የሚበላው ግን ለየብቻው ይቀመጣል። ድንቹ ድንች ነው፣ ዱባውም ዱባ። አዲስ ነገር ሲጨመር ብቻውን፣ በትንሹ፣ ልጅቷ ደህና በሆነችበት ቀን፣ በጠዋት ይሰጣል፤ ምን እንዳደረጋት ለማየት ቀኑ ሙሉ አለ።

ምን ይሰጣል ለሚለው፣ የጾም ጓዳችን ግማሹን መልሶታል። ምእመኑ ሁሉ የሚጾማቸው ቀናት በዓመት ወደ 180 ይደርሳሉ። እናቶቻችን ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ ማጣፈጥን ተክነውበታል። ጾሙ ሕፃንን አይመለከትም፣ ድስቱ ግን ይመለከታል። ቅቅል ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር በጣት ቁመት ተቆርጦ፤ ሙዝና አቮካዶ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ ከእጅ እንዳያመልጥ የተቆላ የጤፍ ዱቄት ነስነስ ተደርጎበት፤ ምስር አልጫ ውኃው ምጥጥ እስኪል በስሎ በእንጀራ ተጠቅልሎ ይቀርባል።

የእኔ ምርጫ ግን ያደረ ገንፎ ነው። የጤፍ ገንፎ ጠንከር አድርጋችሁ አገንፉ። ዘይት በተቀባ ዝርግ ሳህን ላይ በጣት ውፍረት ዳምጡት፣ ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት በቢላ እንደ ሳሙና ይቆረጣል። መጥበሻ ላይ በጥቂት ዘይት ሁለቱንም ፊቱን ብታገላብጡት ውጪው ስስ ቅርፊት ይይዛል፣ ውስጡ እንደለሰለሰ ይቀራል። የልጅ እጅ ሲጨብጠው አይፈርስም፣ ድድ ሲጫነው ይፈርሳል። መለኪያውም ይኸው ነው፤ በሁለት ጣት መሐል ተጭነውት የማይደቅ ነገር ሕፃን አፍ ውስጥ አይግባ። በዚህ ሚዛን ጥሬ ካሮትም፣ ለውዝም፣ ፈንዲሻም፣ ኮሎም ይወድቃሉ። ቡና ሲፈላ ቄጠማው ላይ ቁጭ ብሎ የወደቀ ኮሎ የሚለቅም ልጅ ስንቱ ቤት አለ! ሲያንቅ ደግሞ ድምፅ የለውም። የሚያስለው፣ የሚያጉረመርመው ልጅ እየታገለ ነው፤ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው። ቢያንስ አራት ዓመት እስኪሞላው ኮሎው ከእጁ ይራቅ።

የጾም ነው ተብሎ ደግሞ ሁሉም አይታመንም። የጾም ኬኩ ስንዴ ነው፣ ፍትፍቱ የሰሊጥ ሊሆን ይችላል። ሰሊጥ አሜሪካ ውስጥ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምግብ ማሸጊያ ላይ በግልጽ መጻፍ ካለባቸው ዘጠኝ አለርጂ አምጪዎች አንዱ ሆኗል፤ ሁመራ ላይ በኩንታል ስለምንሸጠው ብቻ ለሁሉም ልጅ ይስማማል ማለት አይደለም። ጤፍም ራሱ ግሉተን የለውም፣ እንጀራው ግን ሊኖረው ይችላል። ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቅ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀየጥበታል፤ አዲስ አበባም ጤፍ ከተወደደ ወዲህ ሻጯን ምን እንደቀላቀለች መጠየቅ ነውር መሆኑ መቅረት አለበት። "ንጥር ቅቤ እኮ ወተት የለውም" የሚሉም አሉ። ቢነጠርም የወተቱ ፕሮቲን ርዝራዥ ይቀርበታል፣ አለርጂው ለበረታበት ልጅ ያ ይበቃል። "የፍየል ወተት ሞክሪላት" የሚለው ምክር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። የላም ወተት አለርጂ ካለባቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለፍየሉም ይቆጣሉ።

ይህን ስጽፍ ለልጇ ሁሉንም ነገር የምትከለክል እናት እንዳላበዛ እሰጋለሁ። ፍርሃትም ያሳምማል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች እስከ ሦስት ዓመታቸው ለውዝ እንዳይቀምሱ መክሮ ነበር፤ በ2008 ምክሩን አነሣው። በዚያው ዓመት ለንደን የሚሠራው ሐኪም ጊዲዮን ላክ ከባልደረቦቹ ጋር በእንግሊዝና በእስራኤል የሚኖሩ አይሁድ ልጆችን አነጻጽሮ፣ የለውዝ አለርጂው እንግሊዝ ባሉት ላይ አሥር እጥፍ ያህል ሆኖ አገኘው። እስራኤል ያሉት ገና ጥርስ ሳያበቅሉ ባምባ ይበላሉ። እዚያ ዘመድ ያለው ያውቀዋል፤ ከለውዝ የሚሠራ፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ፣ ልጅ በእጁ ይዞ የሚጠባው ነገር ነው። ከዚያ 640 ሕፃናት ተመርጠው ግማሾቹ ለውዝ እንዲበሉ፣ ግማሾቹ እንዲርቁት ተደረገ። ውጤቱ በ2015 ሲታተም፣ አምስት ዓመት ሲሞላቸው አለርጂው የታየው ከራቁት መካከል 17.2 በመቶ፣ ከበሉት ደግሞ 3.2 በመቶ ላይ ነበር። ሆኖም ጥናቱ ለመከላከል ነው። ቀድሞውኑ ለውዝ ለሚያሳብጠው ልጅ ወይም ችፌ ለጠናበት ሕፃን ያለ ሐኪም ቤት ውስጥ አይሞከርም። ሌላውም ቢሆን ለውዙን አልሞና አቅጥኖ ነው እንጂ በፍሬው አይደለም።

ከምግቡ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ጉርሻ ነው። የልጁን እጅ አስረን የሰውን እጅ ሁሉ እንለቅበታለን። እንግዳ ያጎርሳል፣ የታክሲ ተሳፋሪ ብስኩት ያቀብላል፣ ሁሉም በፍቅር ነው፣ አልፈልግም ማለት ነውር ነው። እህቴ ቤት ቡና ላይ ጎረቤታችን እማማ ልጅቷን አቅፈው "ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች? በረሃብ ልትጨርሻት ነው እንዴ ልጄ?" አሏት። "እማማ፣ ሐኪሙ ከልክሏል እኮ፣ ይተውላት" ብትልም እሷ ሲኒ ለማጠብ ስትነሣ ብስኩቱ ገብቷል። ከንፈሯ ሲያብጥ "ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ!" ተባለ፤ ሌላዋ "ዓይን ነው" አለች። እናትየው ግን ታክሲ ጠርታ ሄደች፣ ልጅቷም በሰዓቱ ደርሳ ደህና ሆነች። እብጠት ላይ ትንፋሽ ማጠር ወይም ደጋግሞ ማስመለስ ከተጨመረ ዳማከሴ የሚታሽበት ጊዜ የለም፤ ያለው አንድ መንገድ ሐኪም ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ጉርሻን አልከለከለችም፤ ብትከለክልም የሚሰማት የለም። ረከቦቱ አጠገብ አንዲት ክዳን ያላት ሳህን ታስቀምጣለች። ውስጧ የገንፎው ቁራጭ፣ ስኳር ድንቹ፣ ካሮቱ አለ። የሚያጎርስ ከዚህች ያጉርስ፣ እሱንም እጁን ታጥቦ፣ ልጅቷ አፏን ከከፈተች ብቻ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከሳህኗ ራሷ ታነሣለች፣ እንዲያውም እንግዳውን ታጎርሳለች። ሕጉን አጥብቀው የሚያስከብሩት ደግሞ እማማ ሆነዋል። የመጣውን ሁሉ "እንቁላል ነክተሻል? ተነሺ ታጠቢ!" ይላሉ፤ ስኳር ድንቹንም ከቤታቸው ቀቅለው፣ በጣት ቁመት ቆርጠው ያመጣሉ። ጨው የለውም የሚለው ቅሬታቸው ግን እስካሁን አልበረደም።